ጎጃምን በመኪና መስኮት ብቻ ላየን ሰዎች፦ የት የት እንውረድ?

የመንቆረር ልጅ
ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፣ አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ስራዬ መስክ የሚበዛው ስለሆነ ብዙ ሀገር ዞሬያለሁ፣ ላሊበላ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ሳምንት ሰንብቻለሁ፣ ባሌ ሶፍ ዑመር ዋሻ ገብቻለሁ፣ ዳሎል ድረስ ወርጄ ያንን ቢጫና አረንጓዴ ጨው አይቻለሁ። ባለፈው ሰንበት ቡና እየጠጣን አባቴ (74 ዓመታቸው ነው) "ግሽ ዓባይን አይተኸዋል?" ብለው ጠየቁኝ። አላየሁትም፣ የዓባይን መነሻ ምንጭ። ጮቄ ተራራን በልጅነቴ ከከተማው ዳር ቆሜ ሳየው ነው ያደግኩት፣ አንድ ቀን ግን ወጥቼበት አላውቅም። አንገቴን ነው የደፋሁት እውነቱን ለመናገር። ባህር ዳር ስንሄድ ሌሊት ተነስተን የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደጀን ቁርስ በልተን ከዛ በቃ እንቅልፍ ነው፣ ስንነቃ ጣና ዳር ነን። መሀል ያለው ሀገር ሁሉ ሳናየው አለፈን።

አሁን ለጥር የስምንት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። አባቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን (9 እና 13 ዓመት) ይዤ በራሳችን መኪና ልንሄድ ነው። የት እንውረድ፣ በየት በኩል እንሂድ፣ የቱ ለሽማግሌ ይከብዳል? በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።

የበረሃው ሾፌር
ወንድሜ እኔ በዚህ መስመር 19 ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ከጎሃ ጽዮን ጀምር። ሰው እዛ ለሻይ ይወርድና ፊቱን ወደ ሻይ ቤቱ አዙሮ ይቀመጣል፣ ገደሉ ግን ከጀርባው ነው። አፋፉ ላይ ቆመህ ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት እየው። አንድ ጊዜ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ጭኜ ስወርድ በየኩርባው አቁም እያሉ አስረዱኝ፣ ላይ ያለው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ መሀል ላይ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፣ እሱ ድሮ የባህር ወለል ነበረ አሉኝ ይታይህ፣ ታች ውሃው አጠገብ ደሞ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ከዛ ወዲህ በወረድኩ ቁጥር ግድግዳውን ሳላይ አላልፍም። ላይ ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሸሚዝህ ይከብድሃል፣ ደጀን ስትወጣ ተመልሰህ ጃኬቱን ትፈልጋለህ።

ታች ሁለት ድልድይ ታያለህ፣ የድሮው እና በ2000 ዓ.ም መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሰርቶ የተመረቀው ህዳሴ ድልድይ፣ 303 ሜትር ነው። ድልድዩን ፎቶ አታንሱ ጠባቂዎች ይከለክላሉ። ቁልቁለቱን ደሞ በከባድ ማርሽ ውረድ እንጂ ፍሬን እየረገጥክ አትውረድ፣ ፍሬኑ ይግልና ይከዳሃል፣ ያ የሚቃጠል ሽታ ከሸተተህ ዳር ይዘህ ቁም። ልጆች ስላሉ ነው አጥብቄ የምነግርህ።

ጣና ዳር
እኔ በበኩሌ የምመክርህ ሽማግሌና ህፃናት ይዘህ መንገድ ለመንገድ አትንከራተት ነው። ቀጥ ብለህ ባህር ዳር ግባ፣ ጥሩ ሆቴል ያዝ፣ በጀልባ ገዳማቱን አሳያቸው፣ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ ብሉ። ጣና ላይ ብቻ 37 ደሴት አለ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ብትዞር አትጨርሰውም። አባትህ እንዲደሰቱ ነው የምትፈልገው እንጂ እንዲደክሙ አይደለም አይደል?

የመንቆረር ልጅ
ሀሳብህ ገብቶኛል ወንድሜ አመሰግናለሁ። ግን ለአባቴ እንደዚህ ብላቸው "ባህር ዳርንማ አውቀዋለሁ" ነው ያሉኝ። እሳቸው ሚፈልጉት ግሽ ዓባይንና የሞጣውን ሰባራ ድልድይ ነው። በጉብዝናቸው ቅቤ እየነገዱ በዛ በኩል ወደ ጎንደር ይሻገሩ ነበር።

ዳሞት በር
ሰባራ ድልድይን ያነሳህልኝ ዘመንህ ይባረክ! ሰው እኮ አያውቀውም። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሰራ ነው፣ ዓባይ ሸለቆው ውስጥ ጠቦ በሚያልፍበት ቦታ ላይ። በጣሊያን ጊዜ አርበኞች መሀሉን ሰበሩት፣ ጠላት እንዳይሻገር። ከዛ በኋላ ለስንት አስርት ዓመት ህዝቡ በገመድ ነው የተሻገረው፣ ከወዲህ በኩል ጎበዞች ከወዲያም ጎበዞች ገመዱን ይይዛሉ፣ ሰውዬው ወገቡ ላይ ታስሮ ክፍተቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ከስር ዓባይ ነው። አሁን የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሰርቶለታል። አባትህ ያንን ገመድ የሚያስታውሱ ከሆነ እባክህ ስልክህን አውጥተህ ቅረፃቸው፣ ያንን የሚናገር ሰው እያለቀ ነው።

ግን ለ74 ዓመት ሰው ከሞጣ ተነስቶ እስከ ድልድዩ ያለው የእግር መንገድ ከባድ ነው፣ መውረዱ ሰዓታት ይፈጃል፣ መውጣቱ ይብሳል። እውነቱን ነው የነገርኩህ።

የሰከላው
ግሽ ዓባይ የኔ ሀገር ነው። ከዋናው አስፋልት ቲሊሊ ላይ ገንጥለህ ትገባለህ። አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ፣ ምንጩ ፀበል ነው፣ እህል የቀመሰ ሰው አይጠጋም፣ ስለዚህ በጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ሂዱ። ለልጆቹ ከወጡ በኋላ የሚበሉት ስንቅ መኪና ውስጥ ይቀመጥላቸው።

ሰው ሲመጣ ትልቅ ነገር እየጠበቀ ይመጣል። ፏፏቴ የለም፣ የሚያገሳ ውሃ የለም። ለምለም ሳር ያለበት ረግራግ ሜዳ ነው፣ ስትረግጠው እንደ ፍራሽ ከስርህ ይንቀሳቀሳል፣ ምንጩ ታጥሮ ተከልሎ ነው ያለው፣ ሰው ጄሪካኑን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ፀጥ ያለ ቦታ ነው። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ከአሳዳጆቻቸው ሲሸሹ ሰባት መፅሐፎቻቸውን ለግዮን (ለዓባይ) አደራ ሰጥተው፣ ከዘመናት በኋላ ሲመለሱ ውሃው አንድም ገፅ ሳያርስ መለሰላቸው ብለው አባቶች ይነግሩናል፣ ገዳሙም በስማቸው ነው። ከዛ ወንዙ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፣ የሀገሬው ሰው ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል መሀሉን ሰንጥቆ ይወጣል ይላል።

ፈረንጆቹ ፔድሮ ፓኤዝ የሚሉት ቄስ በነሱ አቆጣጠር በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ሰራዊት ጋር መጥቶ አየው፣ ጀምስ ብሩስ ደሞ በ1770 መጥቶ እኔ አገኘሁት አለ። የኛ አያቶች ግን በዛ ዘመን እዛው ፀበል እየተጠመቁ ነበር። ልጆችህ ይሄን ከትምህርት ቤት መፅሐፍ ሳይሆን እዛው ቆመው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ዘንገና
የሰከላው እንዳለው ግሽ ዓባይ ከሄድክ አዳርህን እንጅባራ አድርግ፣ ቅርብ ነው። ጥር ላይ ነው ምትመጣው አይደል? ቀኑን አስተካክለህ ጥር 23 እንጅባራ ተገኝ። የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማህበሩ ከተመሰረተ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማስታወስ የቆመ ነው፣ ቀኑም የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሜዳው ሙሉ ፈረስ ነው፣ ፈረሱ በቀይና በቢጫ ክር፣ በብር ጌጥ፣ በለምድ አሸብርቆ ነው የሚመጣው፣ ሽማግሌዎች ራሳቸው ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ተሰልፈው ይጋልባሉ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በጫማህ ስር ይሰማሃል።

በማግስቱ ዘንገና ሐይቅ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውሃ የሞላው ነው፣ ክብ፣ ዙሪያው ደን። ከዳር ሆነህ ስታየው ትንሽ ይመስላል፣ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ ነው ስለዚህ ልጆቹ እንዳይገቡ። ጥርባ የሚባል ሌላም አለ፣ ጊዜ ካለህ እሱንም እየው።

ቅኔ ቤት ያደግኩ
ሁላችሁም የምዕራቡን መስመር ብቻ ነው ያወራችሁት። ምስራቅ ጎጃምን ምነው ረሳችሁት? ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ነው ልቤ ያለው። ወደ ባህር ዳርም በኪሎሜትር እሱ ያጥራል። ቢቸና የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ሀገር ነው። እዛው አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። እኔ ዲማ የገባሁት በ12 ዓመቴ ነው፣ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ ይዤ፣ ከውሻ ጋር እየታገልኩ ቁራሽ እየለመንኩ ነው ቅኔ የተማርኩት። ዋሸራና ጎንጅም ጎጃም ናቸው፣ የኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ሲቆጠር ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ተብሎ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እዚህ ናቸው። ዛሬም ብትሄድ ማታ ማታ ተማሪው በየሳር ጎጆው ደጅ ቁጭ ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ መምህሩ "ይበል" ሲሉት ታያለህ። ቱሪስት ግን ድርሽ አይልም።

ከዋናው መንገድ ወደ ምስራቅ ገንጥለህ ደሞ መርጡለ ማርያም። እቴጌ እሌኒ ያሰራቻት ቤተክርስቲያን ፍራሽ እዛ አለ፣ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያኑ እንደገና ሰርተውባታል። ያ ድንጋይ እንዴት እንደተቀረፀ ልነግርህ አልችልም፣ አበባው፣ ሐረጉ፣ ቅስቱ፣ ጣቴን አስገብቼ ተከትየዋለሁ፣ ጠርዙ አሁንም ስለታም ነው። ጣሪያ የለውም፣ ዝናብ ይወርድበታል፣ ድንጋዩ መሀል ቁጥቋጦ በቅሏል። ላሊበላ ላይ የምናፈሰው እንባ ትንሹ እዚህ ቢደርስ እላለሁ።

ሐረገወይን
እኔ ደሞ ለጣና ዳር ላግዘው፣ ባህር ዳርን አትዝለለው አያ መንቆረር። ግን አንድ ቀን ሙሉ ለዜጌ ስጠው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዑራ ኪዳነ ምህረት ገብተህ መቅደሱን ስትዞር ግድግዳው ከላይ እስከታች ስዕል ነው፣ አንዱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ አለ፣ ያ ሰው በላው፣ ለተጠማው ለምፃም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጠው፣ ሚዛኑ ላይ ያቺ ጥርኝ ውሃ ስትመዝን። ሴት አያቴ ታሪኩን ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር፣ እዛ ግድግዳ ላይ ሳየው አለቀስኩ። ልጆችህን አስቁመህ ተረክላቸው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ተብሎ የተሳለ መፅሐፍ ነው።

ከጀልባው እስከ ገዳሙ ቡና ውስጥ ነው የምትሄደው። ዜጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ የጥንት ቃልኪዳን ነው፣ ለዛ ነው ደኑ እስከዛሬ የቆመው። የዜጌን ቡና እዛው አስፈልታችሁ ጠጡ።

ለባለቤትህ አስቀድመህ ንገራት፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኔ ክብራን ጋ ጀልባው ላይ ሆኜ ነው ወንድሜን የጠበቅኩት፣ ከጎኑ እንጦስ ኢየሱስ አለ፣ እሱ የሴቶች ነው። ዳጋ ላይ የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ አፄ ፋሲለደስ አፅም አለ። ሩቅ ነው ግን፣ ከህፃናት ጋር አይመችም። ጀልባ ስትከራይ ዋጋውን ከመነሳትህ በፊት ለደርሶ መልስ ተስማማ፣ እኔን አንዱ መሀል ሐይቅ ላይ ጨምሪ ብሎኛል። የህይወት ጃኬትም መኖሩን አይተህ ተሳፈር።

ጭስ
ጢስ ዓባይን ማንም አላነሳውም። እኔ ልናገር፣ ጥር ላይ ብዙ አትጠብቅ። ከባህር ዳር 30 ኪሎሜትር ነው፣ ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ፣ ክረምት ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ስፋት ይይዛል፣ ድምፁን ሳታየው ትሰማዋለህ፣ ጭሱ ፊትህን ያርሰዋል። ግን ውሃው ለመብራት ማመንጫም ስለሚጠለፍ በበጋ ይቀንሳል፣ ጥር ላይ ቀጭን ሆኖ ታገኘዋለህ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው ጊዜው። ጥር ላይም ሄደህ የምታየው የአላታን ድልድይ ነው፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1626 የተሰራ፣ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ። ገበሬው እስከዛሬ አህያውን ጭኖ ይሻገርበታል።

አለሙ ዘ ጎዛምን
ማርቆስን ራሷን እንዳትዘላት የገዛ ልጇ። ንጉስ ተክለሃይማኖት (ራስ አዳል) በ1873 ዓ.ም በአፄ ዮሐንስ እጅ የነገሱ፣ መቀመጫቸው መንቆረር ነበረች፣ የማርቆስን ቤተክርስቲያን አሰርተው ነው ስሟም ደብረ ማርቆስ የሆነው። ቤተመንግስታቸው እዛው ነው። እምባቦ ላይ በሸዋ ተሸንፈው ተማረኩ፣ በኋላ ደሞ ከዛው ከማረካቸው ከምኒልክ ጋር ዓድዋ ዘመቱ። ይሄን ለልጆችህ እዛው ግቢ ቆመህ ንገራቸው።

ጮቄን ደሞ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ድጓ ጽዮን በሚሄደው መንገድ በመኪና ትወጣዋለህ። ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ለአባትህ ቀስ በሉ፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጋቢ አይርሱ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉም ከዛ ነው የሚነሱት፣ ዓባይን የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። ጠዋት ከወጣችሁ ጅብራው (ረጅሙ የደጋ ተክል) ላይ አመዳይ ታያላችሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ በየዓመቱ ገብሱና ድንቹ ወደላይ እየወጣ ጓሳውን (የደጋውን ሳር) ሲበላው ነው፣ ልጅ ሆኜ ጓሳ የነበረው ዛሬ እርሻ ነው። ገበሬው ምን ያድርግ መሬት የለውም። ግን ያ ጓሳ ነው ውሃውን እንደ ስፖንጅ የሚይዘው።

የበረሃው ሾፌር
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሳትህ በፊት በየከተማው ላለ ዘመድ ደውል፣ እያንዳንዱን ቀን ጠዋትም እንደገና ደውል። ከምሽቱ በፊት ግባ። አይሆንም ካሉህ ተመለስ፣ ተራራው የትም አይሄድም።

የመንቆረር ልጅ
ሄደን ተመለስን! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጥር 19 እስከ 26 ነው የቆየነው። በየጠዋቱ እየደወልን ነው የተጓዝነው፣ አንድ ቀን ጠብቁ ተብለን ማርቆስ አንድ ተጨማሪ አዳር አደርን፣ ለዛ መርጡለ ማርያምን አላየናትም።

ጮቄ ላይ አባቴ ከመኪና ወርደው አስር እርምጃ ሄደው ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና በከዘራቸው ወደታች እያሳዩ "ያ የኛ ቤት ነው" አሉ፣ ጉም ነበረ፣ ምንም አይታይም፣ ልጆቹ ግን አየነው አሉ። እንጅባራ የፈረሱ ነገር ቃል የለኝም፣ የ13 ዓመቷ ልጄ እስካሁን ስለ ፈረስ ብቻ ነው የምታወራው። ጢስ ዓባይ ልክ ነበርክ ጭስ፣ ቀጭን ነበረ፣ አላታን ግን ተሻግረናል።

ግሽ ዓባይ ያለ ቁርስ በጠዋት ደረስን። ትንሹ ልጄ በጣም ርቦት ነበር ግን አላለቀሰም። ሳሩ ላይ ስንረግጥ የሰከላው እንዳለው መሬቱ ተንቀሳቀሰ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ልጁ ዝም ብሎ ቆይቶ "አባዬ ይቺ ናት ግብፅ የምትደርሰው?" አለኝ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ተራቸውን ጠበቁ፣ በእጃቸው ጠለቁ፣ መጀመሪያ የልጁን ግንባር ነኩት ከዛ የራሳቸውን። ለጎረቤታችን ለታመሙት እናት በትንሽ ሃይላንድ ቀዱላቸው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ዳቦ እየበላን ማንም ብዙ አላወራም።

በሞጣ በኩል ነው የተመለስነው። ሰባራ ድልድይ አልወረድንም፣ አባቴ ራሳቸው "ጉልበቴ አይችልም" አሉ። ሞጣ ቅቤ ተራ ገብተን ሲያሸቱና ሲመርጡ አንድ ሰዓት ቆየን። ከዛ ከከተማው ዳር ወደ ሸለቆው ዞረው ስለ ገመዱ ተናገሩ። ቀርጬዋለሁ ዳሞት በር፣ 22 ደቂቃ ነው። ገመዱ ወገብ ላይ ሲታሰር የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ቅቤው በቅል ሆኖ ለብቻው ቀድሞ እንደሚሻገር፣ መሀል ላይ ስትደርስ ወደታች ያየ ሰው እንደሚሰደብ፣ ሁሉንም።

ዳሞት በር
እባክህ ለኛም አጋራን!! የኔ አያት ገመድ ከሚጎትቱት አንዱ ነበሩ፣ ከአንዳቤት በኩል።

የመንቆረር ልጅ
አባቴን አስፈቅጄ ዛሬ ማታ እለጥፈዋለሁ። የአያትህን ስም በውስጥ ላክልኝ፣ እሳቸው ያስታውሷቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው።

ቅኔ ቤት ያደግኩ
መርጡለ ማርያም የቀረችብህ ለመስከረም ትሁን። ያኔ ጢስ ዓባይም ሞልቶ ታገኘዋለህ፣ መንገዱም አደይ አበባ ነው። ስትነሳ ጻፍልኝ፣ እኔም ዲማ መምህሬን ለመጠየቅ በዛው ጊዜ እሄዳለሁ፣ ቢቸና ላይ ተገናኝተን አብረን እንገባለን።